የግራው ሽቦ ደህና ነበር

ውድ አባዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትጠብቅበት። «አንቱ» ብዬ ልጽፍልህም አስቤ ነበር። ሞክሬው ግን ሳቄ መጣ፤ ሰውን ለማክበር የተሠራን ቃል ለመራቅ ብቻ ስጠቀምበት ራሴን ታዘብኩት። ስለዚህ እንደ ልጅነቴ «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ከልጅነቴ የተረፈኝም እሱ ብቻ ነው።

ወረቀትህን ማሙሽ አምጥቶልኛል። በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እሱ ነው የላከኝ፤ እኔን እንዳትቆጪኝ» አለኝ። ወንድሜ ጢም አብቅሎ፣ አውሮፕላን ማብረር የሚያውቅ ሰው ሆኖ፣ ዛሬም ማሙሽ እየተባለ ይላላካል። ወረቀቱ አምሮ ተጽፏል። ስሜ ከነአባቴ ስም ተሞልቷል፤ የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው። በፍተሻው ዕለት በአብራሪው ወንበር በኩል የነበረው የግራ የድምፅ መስመር በእኔ የሥራ ጉድለት ተቋርጦ እንደነበር አረጋግጣለሁ ይላል። ከፈረምኩ የበረራ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ጉዳይህን እንደገና ያየዋል። ያን ጊዜ አንተ የደበቅከው ነገር የለም፤ ጥፋቱ የሽቦው መስሎህ በቅንነት የተሳሳትክ ሰው ትሆናለህ። እኔ ደግሞ የሰው ሕይወት የተመካበትን ሥራ አበላሽታ የሸሸገች ባለሙያ እሆናለሁ። ለዚህ ውለታዬ ታርቀኛለህ፣ ቤቴ ድረስ መጥተህም ልጄን ታያለህ ብሎኛል ማሙሽ።

መልሴ መጨረሻው ላይ አለ። ዘለህ እንዳትሄድ። አንተ በየዘመዱ ቤት የምታወራው ታሪክ ዞሮ ዞሮ እኔም ጋ ደርሷል፤ ልጄ በወንድሟ ቀንታ፣ ወጥመድ ዘርግታ፣ ከሰማይ አወረደችኝ ትላለህ። ከሰማይ ማውረዴ እውነት ነው። የቀረውን ግን አንተ እንደሚመችህ ስለቆራረጥከው፣ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ልንገርህ።

አውሮፕላኑ የዶክተሩ ነው። አንተ አብራሪው ነህ፣ ማሙሽ ከቀኝህ ተቀምጦ የሚረዳህ ምክትልህ ነው፣ ዶክተሩ ከኋላ ሆኖ ሩቅ ሩቅ ወዳሉት ክሊኒኮች ይመላለሳል። በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት ውስጥ አንተን ለማነጋገር ሲጮህ ሲጮህ ጉሮሮው ይዘጋና፣ ክሊኒኩ ሲደርስ በሽተኞቹ እሱን «ይማርህ» ይሉት ነበር። ሬዲዮውንም የምታዳምጡት ጣሪያው ላይ ባለችው አሮጌ ድምፅ ማጉያ ነበር። በመጨረሻ ሰውየው መረረውና ስቴሪዮ ኢንተርኮም ገዛ። አራቱም ወንበር ላይ ሄድፎንና ማይክ ይኖራል፤ ሰው በለሰለሰ ድምፅ ይነጋገራል፤ ሁሉም ዝም ሲል ሙዚቃ ይሰማል። ሁለቱ ሬዲዮዎች ባንዴ ሲከፈቱ ደግሞ አንደኛው በግራ ጆሮ፣ ሌላኛው በቀኝ ጆሮ ይገባል፤ የአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ከአንድ ወገን፣ ክሊኒኩ ከሌላ ወገን። ዶክተሩ ይህን ሲያወራ ዓይኑ ይበራ ነበር። አንተ «እኔ ሰማይ ላይ የምወጣው ዘፈን ልሰማ አይደለም» አልክ፣ ሁላችንም ሳቅን። አሁን ሳስበው አንተ አልሳቅክም።

የወርክሾፑ አለቃ፣ ያ ቀጭኑና ረጅሙ፣ ካቻቪቴ የምንለው፣ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። «ልጅህ ናት የምትሠራልህ» ብሎ ሊያስደስትህ ሲሞክር «ሌላ ሰው የለም?» አልከው። እኔ እዚያው መሰላል ላይ ነበርኩ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ደስታዬ ግን በለጠ። ስንት ዓመት የባዕድ ሰው አውሮፕላን ስፈታ ስገጥም ኖሬ፣ አንተ የምትቀመጥበትን ወንበር ፈትቼ፣ በእጄ ባሰርኩት ሽቦ ስትሰማ ላይህ ነው። ከወርክሾፕ ወደ ቤት ስመለስ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር፤ ባሌ ምን አግኝተሽ ነው እስኪለኝ ድረስ።

ወንበሮቹን አወጣሁ። የጎኑን ልባስና የፊቱን ሰሌዳ ፈታሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የጆሮ፣ አንድ የማይክ ቀዳዳ አበጀሁ። ሶኬቶቹ የአውሮፕላኑን ብረት እንዳይነኩ ከፊትም ከኋላም የፕላስቲክ ቀለበት አለበስኳቸው፤ ብረት ከነኩ የሞተሩ ፉጨት ቀጥ ብሎ ሰው ጆሮ ውስጥ ይገባል። ሽቦው ላይ የተጠለፈውን የብረት መረብ ካንድ ጫፍ ብቻ አሰርኩት፤ በሁለቱም ጫፍ ያሰረው ሰው ዕድሜ ልኩን ሲያጉረመርምበት ይኖራል። ክንፉ ጫፍ ላይ ብልጭ ድርግም ከሚለው መብራት መስመርም አርቄ አሳለፍኩት። አንተ እጅህን ወደኋላ አጣምረህ ትመጣና ታየኛለህ። «ሽቦ ነው የምትቀጥይው ወይስ ሹራብ ነው የምትሠሪው?» ትላለህ፣ መካኒኮቹ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በሕይወቴ የቀለድክብኝ የመጀመሪያ ቀልድ ስለነበር፣ ስድብ ይሁን አይሁን ለማጣራት አልቸኮልኩም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ስልኬን ሙዚቃ ማስገቢያው ላይ እሰካለሁ፤ ድምፁን ወደ ግራ ጆሮ ብቻ፣ ወይ ወደ ቀኝ ብቻ የሚገፋ ማስተካከያ ስልኩ ላይ አለ። ሰው ካወራ መሣሪያው ራሱ ሙዚቃውን ዝቅ ስለሚያደርገው ሁሉም ዝም ማለት አለበት። ግራውን ስለቅ የተቀመጠው ሰው «ግራ» ይላል፣ ቀኙን ስለቅ «ቀኝ» ይላል፤ በቃ። የኋላውን ወንበር ካቻቪቴ ራሱ ተቀምጦ ፈተሸልኝ፣ ደህና ነው። ማሙሽም ጋ ደህና ነው። አንተ ጋ ግራውን ለቅቄ ጠበቅኩ። ፊትህ ላይ ምንም የለም። «ካፒቴን፣ በየትኛው በኩል ነው?» አልኩህ፤ ሥራ ቦታ ላይ አባዬ ብዬህ አላውቅም። ትንሽ ቆየህ። ከዚያ ሄድፎኑን አውልቀህ ጭንህ ላይ አስቀመጥክና «ምንም የለም። ሽቦሽ ሞቷል» አልክ።

በዚያች ትንሽ ቆይታ ምን እንዳሰብክ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አመንኩህ።

መጀመሪያ ሄድፎኑን ጠረጠርኩ፣ የማሙሽን ሰጠሁህ፤ አሁንም ሞቷል አልክ። ሶኬቱን አወጣሁት፤ ደህና ነው። ሰሌዳውን እንደገና አውርጄ ብየዳውን አንድ በአንድ አቀለጥኩና እንደገና በየድኩት። መለኪያዬን ሳስቀምጥበት መስመሩ ከጫፍ ጫፍ ደህና ነው ይላል። መለኪያው ደህና ነው ይላል፣ አባቴ ሞቷል ይላል። እኔ ሞኟ ሄጄ መለኪያውን ቀየርኩት። ሌላ ማንኛውም አብራሪ እንዲህ ቢለኝ ወንበሩ ላይ እኔ ቁጭ ብዬ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ እገላገል ነበር። ያንተ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን ነውር መሰለኝ፤ ቤትም ውስጥ ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም ነበር።

እንደገና ስንፈትሽ እንደገና ሞቷል አልክ፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ መካኒኩ ሁሉ እንዲሰማ። «እጅ የላትም ብዬ ነበር። እዚህ ጋ ስህተት ማለት ሹራብ መተርተር አይደለም፣ ሰው ይሞታል» አልክ። ካቻቪቴ ወደ ጎን ወስዶ፣ ከፈለግሽ ለሌላ ሰው ልስጠው፣ አባትና ልጅ ባንድ ሥራ ላይ ጥሩ አይደለም አለኝ። ማሙሽን «አንተ ምን ይሰማሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። መጀመሪያ አንተን አየ። ከዚያ «እኔ ጋ ይሰማል፤ ካፒቴን ጋ ያለውን እንጃ» አለና ጫማውን መመልከት ጀመረ። ጫማው ላይ ምንም አልነበረም።

ሰው ሁሉ ምሳ ሲሄድ ነው ነውሩን ትቼ ወንበርህ ላይ የተቀመጥኩት። ስልኬን ሰካሁ፣ ሄድፎኑን አጠለቅኩ። ግራው ጥርት ብሎ ይሰማል። ቀኙም እንደዚያው። ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን መሰለህ፣ ችግሩ አንተ ስትቀመጥ የሚጫን ነገር ይኖራል የሚል ነበር። ወንበሩ ሥር ገብቼ ፈለግኩ። ይህን ያህል ነው የማምንህ የነበረው።

ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ሄድፎኑን እኔው አቀበልኩህ፤ ገልብጬ። የግራው በቀኝ ጆሮህ፣ የቀኙ በግራ ጆሮህ እንዲሆን። ማይኩ በየትም በኩል ስለሚዞር አላወቅክም። የግራውን ድምፅ ብቻ ለቀቅኩ። ወዲያው ፊትህ ፈታ አለና «አሁን ገና ሠራ። ምን ነክተሽ ነው? ይኸው፣ ሲነገርሽ ብትሰሚ ኖሮ» አልከኝ። ምንም አልነካሁም አባዬ። ሽቦው ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። ድምፁን ወደ ቀኝ ስገፋው፣ ማለትም ወደ ግራ ጆሮህ ሲገባ፣ ፊትህ እንደገና ባዶ ሆነ። ስልኩን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። አመሰግናለሁ ካፒቴን ብዬህ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ።

እዚያ ቆሜ ስለ ሽቦ አልነበረም የማስበው። እራት ስንበላ አንተ ጠረጴዛው ራስ ላይ ትቀመጣለህ፣ ማሙሽ በቀኝህ፣ እኔ በግራህ፣ እናቴ ነፍሷን ይማርና ከወዲያ ጫፍ። ማሙሽ አንድ ነገር ሲል ትስቃለህ፣ ትጠይቀዋለህ፣ ዳቦ ቆርሰህ ትሰጠዋለህ። እኔ ሳወራ ሾርባህን ትጠጣለህ። ከክፍል አንደኛ የወጣሁ ቀን ነግሬህ ጨው አቀብይኝ ብለኸኛል። እኔንም ማብረር አስተምረኝ ያልኩህ ቀን ተነስተህ ሄድክ። ስንቱን ዓመት ጠላኝ እያልኩ ኖሬ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ለካ አልጠላኝም፣ አልሰማኝም ነው እንጂ አልኩ። አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። አባቴ የተመለሰልኝ መሰለኝ።

ስለዚህ ነው ለማንም ሳልናገር ወደ አንተ የመጣሁት። ለዘመዶችህ ስታወራ ይህችን ትዘላታለህ። ከሃንጋሩ ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ቆመህ ነበር። በቀኝህ በኩል ሆኜ፣ ቀስ ብዬ፣ «አባዬ፣ ግራ ጆሮህ አይሰማም። እኔ አልናገርም። አንተው ራስህ ሄደህ ንገራቸው። ባንድ ጆሮ ፈቃድ የተሰጣቸው አብራሪዎች አሉ፣ ፈትነው ይሰጡሃል» አልኩህ። አልደነገጥክም፣ አልካድክምም። «ሄድፎኑ ላይ ያለችውን ማብሪያ ወደ ሞኖ አድርጊያትና ሥራው አልቋል ብለሽ ፈርሚ» አልከኝ። ማብሪያዋ ሞኖ ላይ ስትሆን የሁለቱ ጆሮ ድምፅ ይቀላቀላል፤ ለአንተ ሁሉም በቀኝ ይገባል። ዘፈን አልሰማም ያልከው ሰውዬ መመሪያውን እስከ መጨረሻው አንብበኸው ነበር። መፍትሔው ጣትህ ሥር እያለ፣ እኔ ሰሌዳ ስፈታና ስገጥም፣ ሰው ፊት ስዋረድ ቆመህ አየኸኝ። ማብሪያዋን ራስህ ብትነካ ሰው ይጠይቅሃል፤ የእኔ ሽቦ ከሞተ ግን ማንም አይጠይቅህም።

አልፈርምም አልኩህ። የማንም ክርን ማብሪያዋን አንድ ቀን ቢነካት ማማው ይጠፋብሃል፣ ከኋላህ ሰው ተሳፍሯል አልኩህ። ከዚያ መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅኩ። «እራት ላይ በግራህ ነበር የምቀመጠው። ያን ሁሉ ጊዜ ያልሰማኸኝ ለዚህ ነው?»

ዞር ብለህ አየኸኝ። «አንቺን ላለመስማት መደንቆር አላስፈለገኝም» አልክ።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት አታውቅም። ተናዶ ነው ልልህ ሞክሬያለሁ። ድምፅህ ግን የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ሰዓት ስንት ነው ለሚል ሰው እንደሚመለስ ነበር የመለስክልኝ።

በማግስቱ ዶክተሩ አውሮፕላኑን ሊረከብ መጣ። ቀድመኸኝ አግኝተኸው ነበር። ልጄ ናትና ባዝንላትም ሥራው ተበላሽቷል፣ ፈትተን ሌላ ቦታ እንውሰደው፣ ከእንግዲህም ሌላ ሰው አውሮፕላን ላይ ባትወጣ ይሻላል ብለኸዋል። ካቻቪቴ ነው የነገረኝ፣ ዓይኔን ማየት እያቃተው። እኔም አንድ የመጨረሻ ፍተሻ፣ ሁሉም በየወንበሩ ተቀምጦ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ አልኩ። ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። በዋዜማው ቤቴ ውስጥ ድምፄን ስልኬ ላይ ቀድቼ ነበር፤ ልጄ «ለማን ነው የምታወሪው?» ብላኝ ለአያትሽ ልላት ምንም አልቀረኝም።

አንተ በግራ ወንበርህ፣ ማሙሽ በቀኝህ፣ ዶክተሩና ካቻቪቴ ከኋላ ተቀመጣችሁ። እኔ ክንፉ ሥር፣ በተከፈተው በር በኩል ቆምኩ። ዝም እንድትሉ ነገርኳችሁና ድምፁን ወደ ግራ ገፍቼ ለቀቅኩት። «ይህን የምትሰሙ እጃችሁን አንሱ» ይላል ድምፄ። የኋላዎቹ እጃቸውን አነሱ። ማሙሽ አመነታ፤ ከዚያ እንድታየው ብሎ እጁን ፊት ለፊትህ ማለት ይቻላል ከፍ አደረገ። በዓይንህ ጠርዝ አየኸውና አንተም አነሳህ። ፈገግ አልክ። ያለፈልህ መሰለህ።

እኔ ግን ማሙሽን አውቀዋለሁ። እንደሚረዳህ አውቄ ነበር ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የቀዳሁት። «ካፒቴን ብቻ እጁን ያውርድ» ይላል።

እጅህ እዚያው ቆየ። ሁሉም ያይሃል፣ አንተ ፊት ለፊት በመስታወቱ አሻግረህ እያየህ፣ ፈገግ እንዳልክ፣ እጅህን አንስተህ እንደ ጎበዝ ተማሪ ተቀምጠሃል። ዶክተሩ ቀስ ብሎ እጁን አወረደ። ካቻቪቴ የሌለ ብሎን መፈለግ ጀመረ። መጨረሻ ላይ ማሙሽ ነው በማይኩ «አባዬ፣ እጅህን አውርድ» ያለህ፤ የማይክ ድምፅ በሁለቱም ጆሮ ስለሚገባ እሱን ሰማኸው። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞርክ። በሕይወቴ እንደዚያ ትክ ብለህ አይተኸኝ አታውቅም። ደስ አለኝ። የሚያኮራ ደስታ አይደለም፤ ግን ደስ አለኝ፣ ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል። ይቅርታ ጠይቂ የምትሉኝ ሁሉ ይህን አብራችሁ ስሙ።

ቢሮው ፈቃድህን የወሰደው በጆሮህ አይደለም። ሁለቱም ጆሮዬ ሙሉ ነው እያልክ በየዓመቱ ስለፈረምክ ነው። ያን ቀን ታንከሩ ሥር እሺ ብትለኝ ምናልባት ዛሬ ሰማይ ላይ ነበርክ። ይህን የምነግርህ እንዲቆጭህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን በከፊል ታውቀዋለህ። አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ማሙሽ ወረቀትህን ሰጥቶኝ አልሄደም። ውሃ ጠጣ፣ ወንበር ሳበ፣ ማውራት ጀመረ፤ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ጆሮህን ምክትልህ ከሆነበት ጊዜ አንስቶ ያውቅ ነበር። ማማው የሚለውን ሁሉ ለራሱ የሚያጉረመርም እየመሰለ በቀኝህ ይደግምልህ ነበር፤ አንተ ደግሞ ራስህ የሰማኸው እየመሰልክ ትመልሳለህ። አንድ ቀን ማማው ቁሙ፣ ሌላ አውሮፕላን እያረፈ ነው ሲል አንተ ወደ ማኮብኮቢያው መግባትህን ቀጠልክ። ለመድገም ጊዜ ስላልነበረው ፍሬኑን ረገጠ። ያረፈው አውሮፕላን ከፊታችሁ አለፈ። አንተ ምን አልከው? ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች እየሰሙ «ሳልነግርህ የእኔን ፍሬን ማን ንካ አለህ» ብለህ አዋረድከው። እሱም ይቅርታ ጠየቀህ።

የዋና አብራሪነት ፈተናውን ለመውሰድ የአስተማሪው ፊርማ ያስፈልገዋል፤ አስተማሪው አንተ ነህ። በጠየቀህ ቁጥር «ገና ነህ» አልከው። አብረውት የጀመሩት ልጆች ዛሬ ትልልቅ አውሮፕላን ያበራሉ። እሱ ገና ነኝ እያለ፣ የጎደለውን ሲፈልግ፣ ሌሊት ሌሊት ሲያነብ ኖረ። የጎደለው ነገር አልነበረም። እሱ ወደ ግራው ወንበር ከተሻገረ በቀኝህ የሚሰማልህ ሰው አይኖርም። ፈቃድህ ከተወሰደ በኋላ ዶክተሩ አውሮፕላኑን ለእሱ ሊሰጠው ጠየቀው፤ ይህን ሲነግርህ «ቆሜ ሳለሁ ወንበሬ ላይ አትወጣም» አልክ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አላነጋገርከውም። ባንድ ጣራ ሥር እየኖራችሁ። «ድሮ ጠዋት ጠዋት ማሙሽዬ ይለኝ ነበር» አለኝ። «አሁን ስገባ ቀና ብሎ አያየኝም። የምወደድ ልጁ መስሎኝ ነበር እኮ። እትዬ፣ እኔ ጆሮው ነበርኩ።»

ይህን ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ልጄ መጥታ ጀርባውን ስትመታለት ነበር፤ ሰው ሲያስለው እንዲህ ይደረጋል ብዬ አስተምሬያታለሁ፣ ያነቀው መስሏት ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የዚያን ልጅ ወንበር ስመኝ ኖሬያለሁ። በቀኝህ የተቀመጠ ሰው አባት ያለው ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔን አትሰማኝም፣ በእሱ ደግሞ ትሰማበታለህ፤ ልዩነታችን ይህችው ናት።

አሁን መልሴን እነሆ። አልፈርምም። ወረቀትህን ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። የእኔን ስም ሰርዤ የአባቴን ስም እንዳለ ትቼዋለሁ፣ ያንተ ስለሆነ፤ ከፈለግክ አንተ ፈርምበት። ቤቴ መምጣቱንም ተወው። ልጄ ወሬ ትወዳለች፤ ከተነሳችበት እስክትተኛበት ታወራለች፤ ለማይመልስላት ሰው ስታወራ ማየት አልችልም። አያት አለሽ ብዬ አልነገርኳትም። ስትጠይቀኝ ነበረ እላታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ማሙሽ ነው። አንብበህ እስክትጨርስ ቆሞ ይጠብቅሃል። ሌላ አስተማሪ አግኝቷል፣ ሰውየው ባየው በመጀመሪያው ቀን «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ብሎ ፈርሞለታል። ዶክተሩም አውሮፕላኑን ይዞ ጠብቆታል። ከእንግዲህ የሚኖረው እኔ ጋ ነው፤ ሻንጣው በርህ ላይ ነው፣ የቤትህን ቁልፍ እጁ ላይ ታየዋለህ። እኔ ደብዳቤውን በበሩ ሥር አስገባና ዝም ብለህ ና ብዬው ነበር። እምቢ አለኝ። ሊነግርህ የሚፈልገው ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማልህ ኖሯል። ቀና በልና አንድ ጊዜ አንተ ስማው።

ልጅህ